የለቀቅኳት የነሐስ ጥርስ

የልጅ ልጄን ዕጣ በእጄ ይዤ መልሼ ጣልኩት። በደሌ ይኸው ነው። ጣሳው ውስጥ አገኘሁት፣ የእሷ መሆኑን ጣቴ አወቀ፣ ለቀቅኩትና የሌላ ልጅ ዕጣ አወጣሁ። ይህን ለማንም ሳልናገር ዓመታት አሳለፍኩ። ለንስሐ አባቴ እንኳ በየጾሙ ስናዘዝ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ምላሴን አንድ በአንድ ስዘረዝር ይህችን ብቻ እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ሰው በተሰበሰበበት «እትዬ ዘነቡ ባይኖሩ ይህ ተራ ፍርድ አያውቅም ነበር» ሲባልልኝ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀብያለሁ። አልገባኝም ነበር እንዳልል፣ ያን ጊዜም ሆዴ ያውቅ ነበር።

የምጽፈው ጽሑፍ ስለማውቅ አይደለም። መሠረተ ትምህርት የገባሁት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ፊደሌም እንደ ተንጋደደ ምስማር ነው። ግን በአፍ የተነገረ ነገር ሲደጋገም እያማረ ይሄዳል። ዛሬ አንዱን ቃል አለሳልሳለሁ፣ ነገ አንዱን እተዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ ጭራሽ ተበዳይዋ እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። የምታነቡኝ ሰዎች፣ ቶሎ ብላችሁ «ይፍታሽ» አትበሉኝ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ሥራዬ ምናለሽ ተራ ነው። ሰው የጣለው ነገር ሁሉ መርካቶ ውስጥ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራው እዚያ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል። የእኔ ድርሻ ደቃቁ ነው፦ ብሎን፣ ዳዶ፣ ምስማር፣ ከተሰበረ ቴፕና ሬዲዮ የወጣ ዲናሞ። ጠዋት ጠዋት በማዳበሪያ ሙሉ ተደባልቆ ይመጣልኛል። ዓይኔን መንገዱ ላይ ጥዬ፣ አፌን ለጎረቤት ሰጥቼ፣ ጣቶቼ ብቻቸውን ይለዩታል። ስምንት ቁጥሩን ከአሥር ቁጥሩ፣ ጥርሱ የተበላውን ከደህናው፣ የአገሩን ብረት ከውጭው። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲሁ ነው የኖርኩት። ጣቴ ከዓይኔ ይበልጣል።

በተራችን ሰው የማይስማማበት ነገር ሲመጣ ዕጣ ይጣላል። የመቀመጫ ቦታ ሲሸነሸን፣ አንድ መኪና ዕቃ ሲራገፍና ማን ቀድሞ ይምረጥ ሲባል፣ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ጣሳ ውስጥ ይከታል፤ አንዱ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር። እኔ ዓይኔን በነጠላዬ እሸፍንና እጄን ሰድጄ አወጣለሁ። ለምን እኔ? በዋዛ የማልደራደር ሴት ነኛ። አንድ ጊዜ ለሁለት ወንድማማቾች ቦታ ሳወጣ ታላቅየው በጆሮዬ «የእኔ ስንጥር ናት» ብሎ ሹክ ቢለኝ፣ ጣሳውን ገልብጬ፣ ሕዝብ ፊት ስሙን ጠርቼ፣ ዕጣውን እንደገና አስጥያለሁ። ሁለት ሕግ ነበረኝ። አንደኛው፣ ዘመድ ያለበትን ዕጣ ዘመድ አያወጣም። ሁለተኛው፣ ዕጣ የእግዜር አፍ ነው፤ ዕጣ ኩርፊያ የለውም። ሁለተኛውን ለልጅ ልጄ ገና አፏን ስትፈታ ጀምሬ አስተምሬአታለሁ። ወዮልኝ፣ ምነው ባላስተማርኳት።

ሰው ዕጣ ሳወጣ የሚያየው የተሸፈነ ዓይኔን ነው። ጣቴን የሸፈነልኝ አልነበረም።

የልጅ ልጄ ፍሬሕይወት ትባላለች፤ ፍሬ እንላታለን። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ለሥራ አረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ያደገችው እኔ ጋ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባች ዓመት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቄ መጣችና ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«እማዬ፣ የሚሽከረከር ዲናሞ አለሽ?»

«ምን ልታደርጊበት?»

«የሚሄድ ነገር ልሠራ።»

«የሚሄድ ነገር ከፈለግሽ ጀሪካኑን ያዢና ውኃ ቅጂ። እግርሽ ይሂድ።»

ውኃውን ቀድታ መጣች፤ ጥያቄዋንም አልተወችም። ክፍላቸው ውስጥ በፕላዝማ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ክንድ ያለው ማሽን ዕቃ ሲያነሣ አይታለች። ሮቦት ይባላል አለችኝ። አንድ የቴፕ ዲናሞ ሰጠኋት። ከተሰበረ የግድግዳ ሰዓት ያወጣኋትንም ዙሪያዋን የተፈለፈለች ትንሽ የነሐስ ክብ ጨመርኩላት። እኛ ጥርስ እንላታለን፣ ልጆቹ ጊር ይሏታል። አንዷ ጥርሷ ስለተሰበረች የሚገዛት አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠራ፣ በአራት ቆርኪ የሚሄድ ነገር ከሱቄ ሥር ወጥቶ እየተንገዳገደ ሄደና በርሜል የሚቀጠቅጠውን የጎረቤቴን የጋሽ ሽኩርን እግር መታው። ጋሽ ሽኩር መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ አይጥ ነው ወይስ የልጅ ልጅሽ?»

«የልጅ ልጄ ናት። ብትመታው ትከፍላለህ።»

«ኧረ አልመታም። እንዲያውም አሠልጥኚውና በርሜል ይቀጥቅጥልኝ፤ ወገቤ አልቋል።»

እንዲህ ነው የተጀመረው። ማን እንደጀመረው እንዲታወቅልኝ ስለምፈልግ ነው ከሥሩ የምናገረው። ፍሬ ናት የጀመረችው። የክፍል ጓደኛዋን ነጂብን፣ የዚያው የተራችን ሻጭ ልጅ ነው፣ ጨመረች። የፊዚክስ አስተማሪያቸውን መምህር ታደለን እየተከተለች ነዘነዘችው። ደረጃ ሥር የተሰበረ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ነበር፤ ወንበሩን ሦስቱ ተሸክመው አውጥተው፣ ጠርገው፣ ያዙት። ሌሎቹ ተማሪዎች «ቆራሌዎች» አሏቸው፤ ቁርጥራጭ ለቃሚ ለማለት ነው። ፍሬ መጥታ ስታለቅስ ልቆጣ ስዘጋጅ ዓይኗን ጠርጋ በራሷ መልስ አገኘች። በማግስቱ በሩ ላይ «ምናለሽ ቡድን» ብላ በትልቁ ጻፈችበት።

«ለምን ይሄን?» አልኳት።

«ምን አለሽ ሲሉኝ የማሳየው አለኝ።»

ሦስት የነበሩት ሰባት ሆኑ፣ ሰባቱ አሥራ አራት ሆኑ። «ልጄ ከወንድ ጋር ከክፍል በኋላ አትቆይም» ያለ አባት ቤት ፍሬ ራሷ ሄዳ ለምናለች። አዲስ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ሳምንት እኔ ሱቅ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ብሎን ይለይ ነበር፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። «ዕቃውን ጣትህ ካላወቀው አትሠራውም» ትላቸው ነበር። የእኔን ቃል ነበር የምትመልሰው፤ ደስታዬን ግን በፊቴ ላሳያቸው አልፈቅድም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ብሎን የሚለይ እጅ ሊሠሩ ተነሡ። የእኔን እጅ ማለት ነው። ሱቄን ከበው ጣቶቼን እያዩ ይጽፉ ነበር፤ ብሎኑ ላይ እንዴት እንደሚያርፉ፣ ምን ያህል እንደሚጨብጡ።

«እማዬ፣ መቼ ነው የምትለቂው?» አለችኝ ፍሬ፣ እርሳሷን ይዛ።

«የምፈልገው ካልሆነ እለቀዋለሁ። የምፈልገው ከሆነማ ማን ይለቃል?»

ጻፈችው። ያን ደብተር አሁንም አላጣሁትም፤ እዚያው ቁም ሳጥኗ ውስጥ አለ። ባነበብኩት ቁጥር መልሴ እኔኑ ይሰድበኛል።

የሠሩት እጅ ሦስት ጣት ነበረው። ጣቶቹን የሚስበው ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሙቀት ሲያገኝ ይለጠጥና ጣቱ ይዝል ነበር። በየት በኩል እንደሚቋጠር፣ ምን ያህል እንደሚጠብቅ የምታውቀው ፍሬ ብቻ ነበረች፤ ሌሎቹ ሲሞክሩ ወይ ይበጠሳል ወይ ይላላል። እሷ ግን በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ ትሰማውና «አሁን» ትላለች።

ባቡሩ ሊሠራ መንገዱ ሁሉ በተቆፈረበት ዓመት፣ ሌላ አገር ለሚደረግ የተማሪዎች ውድድር ተጠሩ። በአውሮፕላን የሚሄዱት አራት ልጆችና አንድ አስተማሪ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች በማርክ ይመረጡ አሉ። መምህር ታደለ፣ ፍሬ መሥራች ናትና ለእሷ አንዱ ቦታ ይያዝላት፣ ለቀሩት ሦስቱ እንነጋገር አለ። እሺ ብትል ማን ይቃወማት ነበር? ግን አላለችም። ሁላችንም እኩል ሠርተናል፣ ዕጣ ይጣል፣ የእኔም ከሁሉም ጋር ጣሳ ይግባ አለች። ቦታዋን በገዛ እጇ አውጥታ መሐል ላይ አኖረችው። ፍርድ ያልኩትን ሁሉ አምናኝ።

መምህሩና ነጂብ ሱቄ መጡ። ፍሬ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«እትዬ ዘነቡ፣ ልናስቸግርዎት ነው» አለ መምህሩ። «ዕጣውን እርስዎ ቢያወጡልን።»

«ዘመድ ያለበትን ዕጣ ዘመድ አያወጣም» አልኩ።

«እማማ፣ ከእርስዎ ሌላ ካወጣ የሚያምን የለም» አለ ነጂብ። «የቡድናችንን ቢኒያምን ያውቁት የለ? ሌላ ሰው አውጥቶ ካልደረሰው እስከ ማትሪክ ድረስ ሲያላዝንብን ነው የሚኖረው።»

ሳቅን። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሕጉ የራሴ ነበር። ታዲያ ለምን እሺ አልኩ? ልንገራችሁ። ጣፈጠኝ። የልጅ ልጇ ዕጣው ውስጥ እያለች እንኳ እሷ ታውጣ የምትባል ሴት መሆኔ ጣፈጠኝ። የመጀመሪያው ኃጢአቴ ይህ ነው፤ ሁለተኛውን የወለደው እሱ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደረጃ ሥር ያለው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ወላጆችም መጥተው ነበር። የወተት ዱቄት ጣሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ሳስር፣ የቢኒያም እናት ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማኋት። ድምፅዋን ብዙም አልቀነሰችም።

«አያትየዋ ናት እንዴ የምታወጣው? ታዲያ ጣሳው ለምን ይደክማል፣ ልጅቷ ተሳፍራለች በሉን።»

ጥቂት ሰው ሳቀ። የነጠላዬን ቋጠሮ አጠበቅኩ። ልጆቹ በሰልፍ እያለፉ ምልክታቸውን ከተቱ፤ አሥራ አራት ጊዜ ሲንቃጨል ሰማሁ። ነቀነቅኩት። እጄን ሰደድኩ። የመጀመሪያው ጠጠር ነበር፤ የነጂብ ሆነ። ሁለተኛው የብዕር ክዳን፣ ሦስተኛው ዳዶ፤ ባለቤቶቹ ሲጮሁ ሰማሁ። የማን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ እጄ ንጹሕ ነው።

ለአራተኛው እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ በዚያች የነሐስ ጥርስ ላይ አረፉ። አውራ ጣቴ ዙሪያዋን ሄደና ስብራቷ ላይ ቆመ። ሌላ እንደሷ ያለ አልነበረም። ከሰዓት ውስጥ ያወጣኋት እኔ ነኝ፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ፍሬ ናት። ዕጣ ወጥቶላታል። አንሥቼ ማሳየት ብቻ ነበር የቀረኝ።

ክንዴን ብድግ ላደርግ ስል የዚያች ሴት ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ተመለሰ። ተሳፍራለች በሉን። ጥርሷን አውጥቼ ፍሬ ስትዘል፣ ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ ታየኝ። ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም በአንዲት ነሐስ ሲፈርስ ታየኝ። ጣቴን ከፈትኩ። ለቀቅኳት። አጠገቧ የነበረ ቆርኪ ይዤ ወጣሁ።

ቆርኪው የቢኒያም ሆኖ ተገኘ።

ለቀቅኳት። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ብጽፈው ነው የሚቀለኝ? አልሳትኩም፣ አላመለጠችኝም፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። እግዜር የሰጣትን እኔ ነጠቅኳት። ለእሷ ባደላ ኖሮ አድልዎ ይባል ነበር። በገዛ ልጄ ላይ ሳደላ ግን ስሙ ፍርድ ሆነልኝ። ወንድምየው ስንጥሩን ሹክ ያለኝ ቀን ጣሳውን ገልብጫለሁ፤ የራሴ ጣት ሹክ ሲለኝ ጣሳውን ለምን አልገለበጥኩም? «አውቄአታለሁና ሌላ ሰው ያውጣ» ማለት ስንት ቃል ነው?

ነጠላዬን ስፈታ መጀመሪያ ያየሁት የፍሬን ፊት ነው። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች። አንዲት ያልደረሳት ልጅ ስታለቅስ አቅፋት «ዕጣ ኩርፊያ የለውም» ስትል ሰማኋት። የቢኒያም እናት መጥታ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ። «እትዬ ዘነቡ፣ አፌን በቆረጠው፤ እውነተኛ ነዎት» አለችኝ። እኔም ተሳምኩ። ዝም ብዬ ተሳምኩ።

ሰው ሲበተን ጥርሷን ከጣሳው አውጥቼ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኳት። በማግስቱ ፍሬ መጣችና «እማዬ፣ ጥርሴን ጣሳው ውስጥ አላየሻትም?» አለችኝ። አላየሁም አልኳት። በአንዱ ላይ ሌላ ውሸት ጨመርኩ።

ልጆቹ ሄዱ። በውድድሩ ቀን አዳራሹ ይሞቅ ነበር አሉ። የሠሩት እጅ ሁለት ብሎን አንሥቶ ሦስተኛው ላይ ጣቱ ዛለ። ነጂብ ላስቲኩን ቢቋጥር ተበጠሰ፤ ትርፉን ቢያስሩት ላላ። ፍሬ ጋ ስልክ ቢሞክር መስመሩ እምቢ አለ። ሲመለስ ሱቄ መጥቶ ብሎኖቼን እያየ «ፍሬ ብትኖር እኮ፣ እማማ» አለና ፊቱን አዞረ። እኔ ምን አልኩት? «አይዞህ፣ ዕጣ ነው» አልኩት። ይህም በእኔ አፍ ተብሏል።

ፍሬ አበባ ይዛ ነበር የተቀበለቻቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አብራቸው ሠራች፤ ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ ለነጂብ ሰጠች። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበትን ቅጽ ስትሞላ ኢንጂነሪንግን ተወችው። ለምን ብላት ስቃ መለሰችልኝ።

«እግዜር በዕጣ ነገረኝ እኮ። የእኔ ቢሆን ኖሮ ጣሳው ውስጥ ይቀር ነበር? የእግዜር አፍ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። ቅጹ ገና አልተመለሰም ነበር፤ እስክሪብቶው እጇ ላይ ነበር። ዝም አልኩ። ዕጣውን የለቀቅኩት አንድ ጊዜ ነው፤ እሷን ግን በየቀኑ እየለቀቅኳት ኖርኩ።

አንድ ማምለጫ ነበረኝ፣ እሱንም ልናገርና ልዝጋው። ልቤ አንዳንዴ «አውሮፕላኑን ፈርተሽ ነው» ይለኛል። እናቷ በአውሮፕላን ሄዳ ቀርታብኛለች፤ ይቺም እንዳትቀርብኝ ብዬ ነው ብል ማን ይፈርድብኛል? አያት አይደለሁ? ግን ውሸት ነው። በዚያች ሰዓት አውሮፕላን ትዝ አላለኝም፣ ልጄም ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለኝ ስሜ ነው። ፍቅርን ምክንያት አድርጌ አልሸሽም።

ከዚያ ወዲህ ዕጣ አላወጣሁም። እጄ ይንቀጠቀጣል እያልኩ ለሌላ አስተላለፍኩ፤ ሰውም አሳዘንኩት። ቡድኑ ግን አደገ። አሁን ከሌላ ትምህርት ቤት ሳይቀር ልጆች ሱቄ እየመጡ ዲናሞ ይጠይቁኛል። በቀደም አንዷን ትንሽ ልጅ «ምናለሽ ቡድንን ማን እንደጀመረው ታውቂያለሽ?» አልኳት። «ነጂብ የሚባል ልጅ ነው አሉ» አለችኝ። ነጂብ ይህን ቢሰማ ራሱ ይቆጣ ነበር። ልጅቷ ምን ታድርግ? ስም የሚቀረው ሄዶ ለመጣው ነው።

ፍሬ ማኔጅመንት ጨርሳ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባች። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ትመዘግባለች። ሥራዋን አልንቅም፤ ጣቷን ሳይ ግን እሳቀቃለሁ። ወረቀት ሲያገላብጥ የላስቲክ ቋጠሮ የሚፈልግ ይመስለኛል።

አምና የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣ ሰሞን፣ የደረሳቸው ስም ዝርዝር ያለበትን ጋዜጣ ይዛ ሱቄ መጣች። የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደች። ስሟ አልነበረም። ጋዜጣውን አጥፋ ብሎኖቹ ላይ አስቀመጠችና ያለ ቁጣ፣ ያለ ኀዘን፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ተናገረች።

«እኔ ዱሮም ዕጣ የለኝም እማዬ። ከልጅነቴ ነው።»

 እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። መቀነቴን ፈትቼ ጥርሷን ጋዜጣው ላይ አኖርኳት።

«አለሽ» አልኳት። «ነበረሽ። እጄ ውስጥ ነበርሽ። እኔ ነኝ የለቀቅኩሽ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ የሴትየዋን ሳቅ፣ ቆርኪውን፣ አላየሁም ያልኩትን። ፍሬ ጥርሷን አልነካቻትም።  ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራግፋ ወደ አውቶቡስ ተራ በኩል ሄደች። ጋዜጣውንም ትታው ሄደች።

በአንድ አፍ ተናግሬ በሌላው ዝም ማለት አልሆነልኝም። ለጋሽ ሽኩር ነገርኩት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ መዶሻውን መሬት አኖረ።

«ለእኔ ይቺን ቦታ ስታወጪልኝስ?»

«ንጹሕ ነበር። ወላሂ በዪልኝ ብትለኝ በአንተም ሃይማኖት በእኔም እምልልሃለሁ።»

«አምንሻለሁ» አለ። ከዚያ ደግሞ «እንዴት ብዬ ላውቅ ግን?» አለ። ሃያ ዓመት የተቀመጠባትን ቦታ ዞር ዞር ብሎ አያት፤ የሰው ቤት ውስጥ እንደገባ እንግዳ። እንዲህ ነው ለካ። አንዷን ዕጣ ስለቅቅ የሁሉንም ለቅቄአለሁ።

ፍሬ አምስት ሳምንት አልመጣችም። አልጠራኋትም። የበደለ ሰው ቶሎ ይቅር በሉኝ እያለ ሲያስቸግር፣ ያም ሌላ በደል ነው።

በስድስተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት መጣች። ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። ማዳበሪያው ውስጥ እጇን ሰዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ዱሮዋ ብሎን መለየት ጀመረች። ጣቷ አልረሳም። አንድ ቁና ያህል ከለየች በኋላ ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች።

«ያቺን ጥርስ ለምን እንደከተትኳት ታውቂያለሽ?»

«እንዳውቅሽ መስሎኝ ነበር።»

«አይደለም። ብታውቂኝም ምንም እንደማታደርጊ ስለማምን ነው። ካንቺ መደበቅ ስድብ መስሎኝ ነው።»

 የለየችውን ብሎን ቆርቆሮው ላይ ጣለች።

«ደግሞ ዕጣዬ አይደለም ብዬ ነው እስከ ዛሬ በሰላም የኖርኩት» አለች። «ማንንም ሳልጠላ። አሁን ያንንም ወሰድሽብኝ።»

«ይቅር በዪኝ አልልሽም» አልኳት። «ይቅር የሚባል መሆኑን አላውቅም። የምትይኝን ግን እሰማለሁ።»

ዓይኗን ገለጠች። መዳፏን ዘረጋች፤ ጥርሷን ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ ዙሪያዋን ሄዳ ስብራቷ ላይ ቆመች፣ ልክ እኔ እንደቆምኩት። ከዚያ ያን የወተት ጣሳ ከመደርደሪያው ሥር ጎትታ አወጣች፣ አቧራውን እፍ አለችው፣ ጥርሷን ከተተችበት፣ አንድ ጊዜ ነቀነቀችው። ክዳኑን ገጥማ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅርታሽ እዚህ ውስጥ ነው፤ ገና አልወጣም» አለችኝ። «መቼ እንደሚወጣ እኔም አላውቅም። እጄ ያገኘው ቀን ግን፣ እማዬ፣ እኔ አልለቀውም።»